ሳይገባኝ ያልኩት «ኤዬ»

እማዬ፣

ጤና ይስጥልኝ እንዳልልሽ አንቺ ካለሽበት ጤና ይፈለግ እንደሆን አላውቅም። ከተለየሽኝ አሥር ወር አለፈ። ጥቁሩን ልብስ እስካሁን አላወለቅኩም። ልብስ ሰፊ ሆነሽ አንድ ጥቁር ብቻ ትለብሻለሽ ብለሽ እንዳትስቂብኝ፤ ለሰው ስሰፋ እየዋልኩ ለራሴ ሲሆን ክር ያልቅብኛል። ያው ቅዳሜ ማታ አጥቤ እሑድ እለብሰዋለሁ።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ማሽኑን ግን አልጋሽ ወደነበረበት መስኮት አዛውሬዋለሁ። መጀመሪያ ቦታሽን የቀማሁሽ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ነበር የምሰፋው፤ በኋላ ብርሃኑን ለመድኩትና ይሉኝታዬም ለቀቀኝ። ቡራዩ ግን ተለውጣለች። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር መጣና፣ አዲስ አበባ ሰፍታ ገበሬውን ልታነሳው ነው ተብሎ ልጆቹ ከየትምህርት ቤቱ ወጡ። አንዳንድ ቀን አስፋልቱ ድንጋይ ይለብሳል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ሱቅ ይዘጋል። የዩኒፎርም ሥራዬ ቀዝቅዟል። የት ሄደው ይልበሱት?

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ነገር ለማዘግየት ነው። አንቺ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ የሚያሳፍረኝን ነገር ከመናገሬ በፊት ቤት እጠርጋለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እጄን ይዘሽ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። ከእኔ በቀር በክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። የገባኝ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ያልሽው ብቻ ነው። የቀረው አልገባኝም። ሆኖም ምን አልሽኝ ብዬ ላደክምሽ አልፈለግኩምና «ኤዬ» አልኩሽ፣ አዎ። ደግሜም «ኤዬ፣ እማዬ» አልኩሽ። ፈገግ አልሽና የእጄን ጀርባ መታ መታ አደረግሽው። ከዚያ በኋላ አልተናገርሽም። ለቀስተኛው ሁሉ ምን ብላሽ ሞተች ሲለኝ መርቃኝ ሞተች አልኩ። አሥር ወር ሙሉ በምን እንደተስማማሁ ሳላውቅ፣ የምርቃት ልጅ ነኝ እያልኩ ኖርኩ።

ሐያትን መጠየቅ እችል ነበር። የባለሱቁን ልጅ የሐያትን ነገር እንደምታውቂው ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ይፈጥናል። ነገር ግን እናቷ ከሱሉልታ የመጣች ልጅ የስልጤዋን ልጅ እናቴ ምን አለችኝ ብላ መጠየቋ አሳፈረኝ። አንቺ በአማርኛ ታዢኝ ነበር፣ ስትቆጪና ስትመርቂ ግን በራስሽ ቋንቋ ነበር። እኔም «በአማርኛ ንገሪኝ» እል ነበር። ቁጥርና ሰላምታ፣ የገበያ ቃል፣ ከዚያ ወዲያ አላለፍኩም።

አሁን ወደ ጭኮሽ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከእሱ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከማሽኑ ስር አልነሳ ብዬ እግሬ አበጠ። ሐያት ደግሞ ከየት እንደሰማችው እንጃ፣ የእግር ጉዞ የሚባል ነገር ጀምራ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ ተራራ ለተራራ ዞሮ ማታ መመለስ ነው። «እህል ሳይጫን፣ ከብት ሳይጠፋ፣ ሰው በደህና ቀኑ ተራራ ይወጣል?» ስትይኝ እየሰማሁሽ ሄድኩ። መጀመሪያ መናገሻ ጫካ ሄድን፣ ቀጥሎ በሰበታ በኩል። በሁለተኛው ጉዞ ረሃብ ጣለኝ። የያዝኩት ዳቦ ቦርሳው ውስጥ ተፈርፍሮ ከውሃው ጋር ገንፎ ሆኗል። ሐያት ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ የውጭ ነገር አወጣች። ኢነርጂ ባር ይባላል አለችኝ። ቀመስኩት። እማዬ፣ ጭኮ ነው! ቅቤ ያጣ፣ ስኳር የበዛበት፣ ከተሰደደ የቆየ ጭኮ።

በማግስቱ ገብስ ቆላሁ። በሶውን እንዳንቺ በነጠረ ቅቤ አሸሁት፣ ጨውም ጣል አደረግኩበት። እስከዚህ ድረስ የአንቺ ነው። ከዚያ የቆላሁትን ለውዝ ወቅጬ ጨመርኩ፣ ሰሊጥም፣ ከሐያት ሱቅ ደግሞ ተምር፣ እንዲያያዝ ትንሽ ማር። በትሪ ላይ ደልድዬው ፎይል አለበስኩትና የከሰል ካውያዬን ባዶውን ጫንኩበት። ካውያው ከባድ ስለሆነ ሲያድር ልክ እንደ ጣውላ ጠፍጥፎት ያድራል። ስቆርጠው ግን ቢላዬ ጠማማ ሆነብኝ፤ አንዱ የሕፃን ጣት፣ አንዱ የአናጢ ጣት እያከለ አስቸገረኝ። እኔ ደግሞ ጠማማ ነገር አልወድም። የልብስ መለኪያ ሜትሬን አውጥቼ እየለካሁ ቆረጥኩት። ሐያት አይታ በሳቅ ሞተች። «ጭኮን ኮት ልታለብሺው ነው?» አለች። ቢሆንም አባቷ ሱቅ ውስጥ አስቀምጣው ተሸጠ፤ ሰው ወደደው። ጀርባ ላይ አይፈርስም፣ ፀሐይ አይረታውም፣ አንዱ እስከ ከሰዓት ያቆማል።

ስንቅ አያያዝ ላይ ግን ከሐያት ጋር አልተግባባንም። እሷ ቀላል ነገር ብቻ ያዢ ባይ ናት፤ ውሃ፣ ኮፍያ፣ የዝናብ ላስቲክ፣ ፋሻ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የተሞላ ስልክ፣ በቃ። እኔ የአንቺ ልጅ ነኝ። ሎሚና ጨው ጨመርኩ፣ መርፌና ክር ጨመርኩ፣ ነጠላ፣ ክብሪት፣ ገመድ፣ ጃንጥላ። መንገድ ሰው ባዶውን አያስኬድም ትይ የለ? የሆነ ቀን ጫማዋ ተተርትሮ በእኔ መርፌ ስለተሰፋላት ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ የሰበታው መንገድ ተዘግቷል ስለተባለ በአስኮ በአዲሱ ገበያ አድርገን ወደ ሱሉልታ ወጣን። አንቺ አገር። ከከተማው አልፈን በእርሻው መሐል ወደ ሸንተረሩ የሚወጣ የእግር መንገድ አለ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ አየሩ ይነክሳል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አጎትሽ ጋ ስትወስጂኝ ይህን መንገድ አሳይተሽኝ ይሆን እያልኩ እሄዳለሁ። ሐያት አዲስ ጫማ አድርጋ ተረከዟ ተልጦ ኋላ ቀርታለች፣ ቁጭ ብላ ካልሲ ትቀይራለች። ስለዚህ ልጆቹ ሲመጡ ብቻዬን ነበርኩ።

ከክምሩ ጀርባ ነው የወጡት፤ የተማሪ ዕድሜ ያላቸው፣ አንዳንዱ ዱላ የያዘ። ክፉዎች አልነበሩም፣ የተቆጡ ነበሩ። ከጥቂት ሳምንት በፊት መኪና የያዙ ሰዎች መጥተው እርሻው ላይ ችካል ተክለው ሄደዋል፤ ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። እኔን ያዩኝ የከተማ ጫማ አድርጌ፣ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሜ፣ ቆም እያልኩ ሸንተረሩን ስመለከት ነው። ቦርሳውን ክፈቺ አሉኝ። ነጠላዬን ሣሩ ላይ አነጠፍኩና አንድ በአንድ አወጣሁ። ጃንጥላው ሲወጣ ሳቁ፤ ገመዱ ሲወጣ ዝም አሉ። ከጭኮ ባሮቹ ጋር ተጣብቆ ደግሞ ሜትሬ ወጣ። ስቆርጥ ረስቼው ከፎይሉ ጋር ገብቷል። አንደኛው ልጅ፣ ረዘም ያለው፣ ከማሩ አላቅቆ ዘረጋው። ቁጥሮቹን አየ፣ እኔንም አየኝ።

«ማል ሰፈርቱ?» አለኝ።

እማዬ፣ ሰፈር ሲል ሰማሁ። ሰፈርሽ የት ነው የሚለኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ፣ የገባኝ ጥያቄ መጣ ብዬ። ፈገግ ብዬ «ቡራዩ!» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ቡራዩ?» አለ። በደንብ ላስረዳው ብዬ፣ ሰው መሆኔን እንዲያውቁልኝ ብዬ፣ «ኤዬ፣ ቡራዩ ነው። ባለፈው ሰበታ ነበርን፣ ዛሬ ደግሞ ሱሉልታ» አልኩት።

ለካስ ያለኝ ምን ትለካላችሁ ነበር። እኔም ሜትሬን እጁ ላይ አስይዤ ቡራዩን ለክተናል፣ ሰበታን ጨርሰናል፣ ዛሬ ሱሉልታን ልንለካ መጥተናል አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእኔ ነው። አንዱ በአማርኛ «ኧረ በአፏ እየተናገረች ነው!» ብሎ ጮኸ። ከበቡኝ። ስልኬን ተቀበሉኝ። እኔ ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም፤ የሚሉኝ ሁሉ ሲፈጥንብኝ ጊዜ «ኤዬ፣ ኤዬ» ከማለት በቀር የምይዘው አጣሁ።

አንዲት ሴትዮ ከክምሩ ሥር ተነስተው መጡ። አዴ ዲንቂቱ ይባላሉ፤ እዚያ ለትልቅ ሴት አዴ እንደሚባል መቼም አንቺን አላስተምርሽም። ረዘም ያለው ልጅ ልጃቸው ነው። ጭድ ከቀሚሳቸው እያራገፉ መጥተው መጀመሪያ ያዩት ጥቁር ልብሴን ነው። ለልጆቹ አንድ ነገር አሏቸው፣ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ከዚያ ነጠላው ላይ ከተዘረገፈው ዕቃ አንዱን ባር አነሱና ፎይሉን ገለጡት፣ አሸተቱት። ወደ እኔ ዞረው «ኩን ካን ሶማቲ?» አሉኝ።

አልገባኝም። የተቆጣ ሰው ከቦኝ ሳለ ድምፃቸው ለስላሳ ስለነበር ግን ደግ ነገር እንደሆነ ገባኝ። እጅ ነሥቼ «ኤዬ» አልኳቸው።

ጎረሱት። ሁለት ጊዜ አኝከው ቆሙ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ልጆቹም እሳቸውን ያያሉ። ከዚያ ዋጡት። የቀረውንም ጎረሱት፣ እስከ መጨረሻው፣ ጣታቸውንም ጠረጉ። እኔ ሞኟ ጣማቸው ብዬ «ይጨምሩ፣ በሞቴ» እያልኩ ሌላ ልፈታላቸው እታገላለሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ! እሳቸው እጄን መለስ አድርገው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ኬሱማ ኮቲ» አሏቸው፣ እንግዳዬ ናት። ከእጇ በልቻለሁ ማለታቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነካኝ ሰው እሳቸውን ነካ። ልጃቸው ሜትሬን ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ስልኬም ተመለሰ። ሐያት እያነከሰች ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። አዴ ዲንቂቱ እስከ አስፋልቱ ሸኝተውን፣ መንገድ ላይ ካለችው ምንጭ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ማሩ አስቸግሯቸው ነው ብዬ አሰብኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጉራዬን ነፋሁ። ብቻዬን በኦሮምኛ ተወጣሁት አልኳት ለሐያት። የተባልኩትን እንደ በቀቀን ስደግምላት መጀመሪያ «ማል ሰፈርቱ» ላይ አፏን በሻሿ ያዘች። ቀጥዬ ሴትዮዋ ያሉኝን ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ።

«‹ይህ የጾም ነው ወይ?› ነው እኮ ያሉሽ» አለችኝ።

«ምን ጾም?» አልኳት።

«የገና ጾም ነዋ፤ ገብቷል እኮ!» አለችኝ ሐያት፣ በየቀኑ ሱቃቸው ውስጥ ዘይት ለጿሚ የምትሸጠዋ እስላሟ ልጅ። እኔ የአንቺ ልጅ የገና ጾም የቄስ ነው እያልኩ ሁዳዴንና ፍልሰታን ብቻ የምቆጥር፣ ከአንቺ ወዲህ እነሱንም በግማሽ። በቅቤ የታሸ ጭኮ አጉርሼ አንዲት እናት ጾም አስገደፍኩ፤ ያውም የጾም ነው ብዬ። እሳቸው ደግሞ ገና ሲያኝኩት አውቀዋል። ቢተፉት ኖሮ ውሸታም ናት ማለታቸው ነበር፣ ውሸታም ናት ማለት ደግሞ ያን ሰዓት ምን ማለት እንደነበር የልጆቹን ፊት ያየሁት እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋጡት። እኔም ይጨምሩ አልኳቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እስከ አዲሱ ገበያ ቀና አላልኩም።

እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነው ያኛው «ኤዬ» ትዝ ያለኝ። ለእሳቸው ሳይገባኝ ያልኩት ይህን ካመጣ፣ ለአንቺ ያልኩትስ? ሐያት አጠገቤ ናት፣ ቃሉ በጆሮዬ አለ፣ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ፈራሁ፣ እማዬ። ይህን ሁሉ ወር የተመረቅኩበትን ሊወስዱብኝ የመጡ መሰለኝ።

መንገዱ ቶሎ አልተከፈተም። ገና አለፈ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በራዲዮ ተነገረ፤ የታሰሩት ግን ገና አልተፈቱም ነበር። መንገዱ ደህና ነው ሲባል ይቅርታ መጠየቂያውን ቃል ከሐያት አጥንቼ፣ አዲስ ትሪ ባር ያለ ቅቤ፣ በለውዝና በማር ብቻ ሠርቼ፣ ሐያትን ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። አማካሪ ይዞ ይቅርታ አይጠየቅም ብዬ ነው። ከአስፋልቱ ጀምሮ ቃሉን እያጉተመተምኩ፣ ቤታቸውን ጠይቄ ደረስኩና በራቸው ላይ ቆሜ አነበነብኩት። እሳቸው እስክጨርስ ጠብቀው በጥሩ አማርኛ «ግቢ፣ ብርድ ነው። አማርኛ እኮ እሰማለሁ፤ ምን ምላስሽን ታሰቃዪዋለሽ?» አሉኝ።

ቤት ውስጥ ምሳ ቀርቦ ነበር። ባላቸውና ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው የገና በግ ቋንጣ ይበላሉ፤ እሳቸው ለብቻቸው ሽሮ። ሽሮውን ሳይ የቀረው ተገለጠልኝ። ለንስሐ አባታቸው ተናግረዋል። ቄሱም ሳያውቁ የቀመሱት ምንም አይደል፣ አውቀው የዋጡት ግን ያስጾማል ብለው ከገና በኋላ ሁለት ሳምንት ጨምረውባቸዋል። እኔ ልጹምልዎት አልኳቸው፣ እንባዬ እየመጣ። ሳቁብኝ። «ጾም በውክልና አይጾምም» አሉ። «ይልቅስ ልጄ ታስሯል።»

ሜትሬን የያዘው ረዥሙ ልጅ። ከገና በፊት ነው የወሰዱት። ስንቅ በሳምንት ሁለት ቀን ይገባል፤ በር ላይ ያለው ጠባቂ ደግሞ ያመጣችሁትን እናንተው ቅመሱት ይላል፣ ሳይቀምሱ አያስገባም። አባትየው ልጄን እንደዚያ ሆኖ ማየት አልችልም ብለው አይሄዱም፣ ሴት ልጆቹን ደግሞ እሳቸው አይልኳቸውም። ስለዚህ የሚቀምሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ ልጁ ገናን በደረቅ ሽሮ ዋለ፣ ከዚያም ወዲህ ቆሎና ሽሮ ነው። በእኔ ቅቤ ምክንያት።

ያ ቀን ስንቅ መግቢያ ነበር። ጾሙ ሳይገባ፣ ጥቅምት ላይ ያሹት የቅቤ ጭኮ በቅል ተከድኖ ተቀምጧል፤ እኔ እቀምሰዋለሁ አልኩና እስከ እስር ቤቱ በር ተከተልኳቸው። ጠባቂው ወጣት ነው፣ እንደ እኔ ያለ አማርኛ ይናገራል። ቅመሺ አለኝ። ከቅሉ አንድ ቁራሽ ወሰድኩና ጎረስኩ። እማዬ፣ የአንቺ ጣዕም ነበር፣ ያለ ተምር፣ ያለ ለውዝ፣ ምንም ሳይደረትበት። ቆሜ ስውጥ «ምናቸው ነሽ?» አለኝ። እኔ ስንተባተብ አዴ ዲንቂቱ ቀድመውኝ «ጾም ያስገደፈችኝ ናት» አሉት። ምን እንደሚል ግራ ገባው፣ ቅሉን ተቀብሎ ገባ። ባዶው ሲመለስ በጣት ተጠርጎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ልንጠብቅ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው። ከዚያ በላይ የማፍርበት ነገር አልቀረኝም ብዬ ይሆናል። እናቴ የሱሉልታ ሰው ነበረች፣ በሞተች ቀን አንድ ነገር ብላኛለች፣ ቃሉን አልረሳሁትም፣ ትርጉሙን አላውቀውም አልኳቸው። በይ አሉኝ። አልኩት፤ ድምፁን እንዳንቺ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ አድርጌ።

«ኢንተላ ኮ፣ ነቲ አርቴ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምን ብለሽ መለስሽላት?» አሉኝ፤ ግን እያወቁ ነው የጠየቁኝ፣ ያን ቀን መልሴን ከአፌ ሰምተውታል።

«ኤዬ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ተናደሽብኛል ወይ ነው ያለችሽ» አሉኝ።

ይኸው ነው፣ እማዬ። ምርቃት አልነበረም። ተናደሽብኛል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም አዎ አልኩሽ። እንዳልተሰማ ደግሜ አዎ፣ እማዬ አልኩሽ። ለምን እንደጠየቅሽኝም አውቃለሁ። በመጨረሻው ወር ፊቴ ጠቁሮ ነበር። በሶውን በጥብጬ አምጥቼ አልውጥ ስትይኝ ማንኪያውን ትሪው ላይ እወረውረው ነበር። አንሶላ ስቀይር እተነፍስ ነበር፣ በረዥሙ፣ እንድትሰሚው ይሁን እንዳትሰሚው ራሴም ሳላውቀው። ደክሞኝ ነበር። በበሽታሽ ተናድጄ ነበር። በአንቺ ግን አልነበረም፤ ይህን ልነግርሽ የምችልበት አንድ ደቂቃ ነበረኝ፣ እሱንም ያልገባኝን የገባኝ አስመስዬ አጠፋሁት። አንቺ ደግሞ አዎ ተናድጄብሻለሁ የሚልሽን ሰው እጅ መታ መታ አደረግሽ። ፈገግ አልሽልኝ። አሥር ወር ሙሉ ያን ፈገግታ ለጎረቤት እያወራሁ ተጽናናሁበት።

አስፋልቱ ዳር አለቀስኩ። አዴ ዲንቂቱ አልከለከሉኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ሲበቃኝ ጊዜ ቆጣ ብለው «ካልገባሽ አልገባኝም ማለት ምን ያሳፍራል?» አሉኝ። «ደግሞ ምን ብዬ ብመልስላት ይሻል ኖሯል ብለሽ ጠይቂኛ!» ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። አስደገሙኝ። አንዱን ፊደል እያጠበቅኩ አስቸገርኳቸው፣ የሚኒባሱ ረዳት አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ እያለ እየጠራ፣ እሳቸው ቆይ ብለውት እስኪስተካከልልኝ ድረስ አስደገሙኝ። ረዳቱም ምን እንደምንል ሰምቶ ዝም ብሎ ጠበቀን።

ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው። መርቃኝ ሞተች ያልኳቸውን ሰዎች ሁሉ በዚያን ቀን እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ይቅለለኝ ብዬ ሳይሆን፣ ስትሞቺ ስለ እኔ ፊት የተጨነቅሽ መሆኑን እንዲያውቁልሽ ነው። በየጾሙ፣ የቄስ ባልኩት በገናም ሳይቀር፣ አስብሻለሁ። እስከዚያ ግን የዘገየውን መልሴን ተቀበይኝ። አስተካክዬ እለዋለሁ፣ እየገባኝ።

ለኪ፣ እማዬ። ሂን አሬ። አይ፣ አልተናደድኩብሽም።

ልጅሽ